የተቆለፈው ሳሎንና የፖም ዛፉ

አንዲት ሴት ነበረች። የምትኖረው በእንግሊዝ አገር ነው፤ ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠችበት ዘመን። ባሏ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነው።

«ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰባኪ የእንግሊዝን አገር ከየት ያውቀዋል?» የምትሉ አላችሁ። የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጣችሁም አውቃለሁ። ግድ የለም፤ ስሙኝ።

ሴትየዋ አዳ ትባላለች። ሳሎን ነበራት። እንዴት ያለ ሳሎን መሰላችሁ! ቀይ ምንጣፍ፣ አበባ የተሳለባቸው ስኒዎች፣ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ወንበሮች። በሩ ግን ተቆልፏል። መጋረጃው ተዘግቷል። ለምን? ፀሐይ ምንጣፉን እንዳታደበዝዘው! ቤተሰቡስ የት ነው የሚኖረው? ጓዳ! ከምድጃውና ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ በክርን እየተገፋፋ።

ሳሎኑ የሚጠበቀው ለአንዲት ትልቅ እመቤት ነው፤ ለባለርስቱ ሚስት። አንድ ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ «አንድ ሐሙስ ቤትሽ ብቅ እላለሁ» ብላት ነበር። ይኸው ሰባት ዓመት።

ጓዳው ውስጥ የባሏ አባት አሉ። በብርዱ ወራት ደረታቸውን ታመው ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦባቸዋል። ሽማግሌው የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሟች ሚስታቸው ጋር የተከሉት የፖም ዛፍ ከቤቱ ፊት ለፊት አለ። እግራቸው ደጅ አያወጣቸውም። ዛፉ ደግሞ የሚታየው ከሳሎኑ መስኮት ብቻ ነው።

«ልጄ፣ አበባው ሳይረግፍ አንዴ ልየው።»

«አባባ፣ እመቤቲቱ ትምጣና በማግስቱ አስገባዎታለሁ።»

«እሷ እስክትመጣ አበባው ቀርቶ እኔም እረግፋለሁ!»

«ኧረ እንዲህ አይበሉ፣ አባባ!»

አንድ ሐሙስ ጠዋት መልእክት መጣ፤ እመቤቲቱ ዛሬ ትመጣለች! አዳ ኬክ ጋገረች። ወንበሮቹን ገለጠች። ማንቆርቆሪያውን ጣደች። ሠረገላው ደጃፏ ቆመ። ቀሚሷን አስተካክላ ወጣች። የወረደው ግን አሽከሩ ነው። ጫፉ የታጠፈ የስም ካርድ ሰጣት።

«እመቤቴስ?»

«ጎበኙሽ እኮ! ጫፉ ከታጠፈ ራሳቸው ደጅሽ ድረስ መጥተዋል ማለት ነው። ዛሬ ስድስት ቤት የጎበኙት እንዲሁ ነው።»

ፈረሶቹ ሄዱ። የትልልቆቹ ልማድ ይኸው ነበር፤ ካርድ ከጣሉ ጠይቀዋል!

አዳ ካርዷን ይዛ ቆመች። ለዚህች ካርድ ነው ሰባት ዓመት ሙሉ በጨለማ? ከጓዳ ድምፅ መጣ።

«ሄደች?»

«ሄዱ፣ አባባ።»

«ታዲያ ኬኩን የሚበላው ካርዱ ነው?»

ልታለቅስ ነበር፤ ሳቅ ቀደማት። መጋረጃውን ስትስበው ቀለበቱ ተፈናጥሮ ሄደ። ፀሐይ ገባች! ባሏም ከሥራ ደረሰ፤ ጫማው ከሰል በከሰል።

«ላውልቅ?» አለ ደፉ ላይ ቆሞ።

«ግባ! እንዳለህ ግባ!»

ሽማግሌውን ከነወንበራቸው ተሸክመው መስኮቱ ሥር አስቀመጧቸው። መስኮቱን ከፈቱት። ዛፉ ነጭ በነጭ ሆኗል! ነፋስ ገባና አበባውን ቀዩ ምንጣፍ ላይ በተነው። አንዷ የሽማግሌው ሻይ ውስጥ ወደቀች። አዳ ልታወጣት ስትል እጇን ያዙ።

«ተያት፤ ሚስቴ ናት። ድሮም ሳትጠራ ነው የምትገባው።»

ሳቁ ጎረቤት ጠራ። ጎረቤቱ ኬኩን ጨረሰ፤ ዘፈኑ እስከ ጣቢያው ተሰማ። በዚያ በጋ ምንጣፉ ደበዘዘ። ማንም ልብ አላለውም። ሽማግሌው ፖሙ ሲደርስ ከፍሬው በሉ።

ወገኖቼ፣ እንግሊዝ ሩቅ ነው ብላችሁ ተመቻችታችሁ አትቀመጡ! ቡፌያችሁ ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ለማን ናቸው? ፕላስቲኩ ያልተነሳለት ሶፋ ማንን ይጠብቃል? ባለ መኪናውን? ባለሥልጣኑን? እናታችሁ በምንድን ነው ውሃ የሚጠጡት?

እኔ አንድ ቤት ለጸሎት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ጓዳ በር ላይ፣ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝና በፕላስቲክ ኩባያ ሻይ ሰጡኝ። አሥራ ሁለት ብርጭቆዎች ከቡፌው ውስጥ ያዩኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ይቅር ብያለሁ። ኩባያው ግን አረንጓዴ ነበር፤ ጆሮውም ተሰብሯል።

ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ቁልፉን ፈልጉ። መጋረጃውን ሳቡት። ልጆቹ ይግቡ፤ ሽማግሌዎቹ ይግቡ፤ አንድ ሁለት ብርጭቆም ይሰበር፤ ሳቁበት!

ጌታ እስኪመጣ ነው የምትጠብቁት? እሱ ካርድ አይልክም፤ ወገኖቼ። ከገባ ቆየ እኮ! ጓዳችሁ ተቀምጦ፣ ጆሮው በተሰበረው ኩባያ እየጠጣ ነው።