ጦጣዋና ቀዩ ከረሜላ

ተረት ልንገራችሁ፤ እናንተም የላሞቹን በረት ክፈቱልኝ።

አንዲት ኩሩ ጦጣ ነበረች። ልጇ የዱር ፍሬ አልበላም ስትላት፣ መንገደኞች ከጣሉት እሽግ ደማቅ ቀይ ከረሜላ እያወጣች ታበላት ጀመር። ብዙ ሳይቆይ የልጅቱ ገላ ሽፍ አለ፤ ማሳከኩም እንቅልፍ ነሳት።

ጦጣዋ ልጇን አዝላ መድኃኒት አዋቂዋ እሜቴ ኤሊ ዘንድ ሄደች።

«ምን አብልተሻት ነው?» ሲሉ ጠየቋት።

«እንጆሪ ብቻ» አለች አፍራ።

እሜቴ ኤሊም እንጆሪ ከለከሏት። ልጅቱ ባለቀሰች ቁጥር ግን እናቷ በከረሜላው ታባብላት ነበርና ባሰባት፤ ከንፈሯም አበጠ።

ጦጣዋ ተመልሳ መጥታ አቀረቀረች። «ዋሽቼዎት ነው፤ ያበላኋት ቀይ ከረሜላ ነው።»

«የጎዳት ቀለሙ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለተኛ እንዳታቀምሻት» አሏት በለሆሳስ።

ልጅቱ ሲሻላት እጆቿን ወደ እናቷ ዘረጋች። ጦጣዋም አቀፈቻት፤ የልጇን ዓይን ግን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

ተረቴን መልሱ፤ አፌንም በእሸት አብሱ።