የኮረብታው መለከተኛ

በእኛ አገር ሹም በበዛና ቀለብ በከበደ ቁጥር ሽማግሌዎች የሚጠቅሷት አንዲት አባባል አለች። እንዲያው ከሜዳ የተገኘች አይደለችም፤ የተወለደችው በአያ ምንይችል ልጅ ሰርግ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን የነበረው ንጉሥ ደግ ሰው ነበር። ዳኛው አንድ፣ ግምጃ ቤት ጠባቂው አንድ፤ በረኛው ደግሞ ወጥም ይሠራ ነበር። ከወንዝ ማዶ ጦር ተነሣ ሲባል ግን ኮረብታው ላይ መለከተኛ ተሾመ። ለመለከተኛው በቅሎ፣ ለበቅሎዋ ሣር አጫጅ፣ ለሣር አጫጁም አለቃ ተጨመረ። ከየመንደሩ ጎበዝ የተባለ ሁሉ አንድ አንድ ሹመት አገኘ። ጦሩ እውነት ነበርና ያጉረመረመ የለም፤ ገበሬው አያ ምንይችልም ለሹሞቹ ቀለብ ከጎተራው ጤፍ እየሰፈረ ሳይሰስት ሰጠ።

ኋላ ማዶኞቹ ታረቁ። ቀለብ ሰብሳቢው ግን ቁናውን ይዞ ከደጅ አልጠፋም። የአያ ምንይችል ልጅ የአንጓች ሰርግ ተቃርቧል፤ የአባቷ ጎተራ ወለሉ ሊታይ ነው። አዲሱ ጤፍ ማሳ ላይ ደርሶ ቢወዛወዝም፣ ወንዱ ሁሉ ሹም ሆኖ የሚያጭድ ጠፋ።

«ምነው አባዬ፣ አማቶቼን ውሃ ልናጠጣቸው ነው?» አለች አንጓች።

ይህች ቃል አንጀቱን በላችው። ቤተ መንግሥቱ ደጅ ሄዶ «አቤት! አቤት!» ይል ጀመር። ንጉሡ አቤቱታውን ሰምቶ ሹማምንቱን ሰበሰበ።

«ጦሩ ሄዷል። እናንተስ አሁን ምን ትሠራላችሁ?»

መለከተኛው እጅ ነሣ። «ጃንሆይ፣ ሰላሙ የሄደ እንደሆነ ማን ይለፍፋል?»

«በቅሎዋስ ሰላም ሆነ ብላ ሣር ትተዋለች?» አለ አጫጁ።

«እኔ ከሌለሁ ይሄ ሰነፍ ያጭዳል?» አለ አለቃው።

ንጉሡ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «እውነታቸውን ነው። እንግዲያው ማን መሰናበት እንዳለበት የሚያጠና አንድ ሹም እንሹም!»

አያ ምንይችል ደነገጠ። «ጃንሆይ፣ የእሱም ቀለብ ከእኔው ጎተራ ነው! ይልቅ አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። በአገራችን ደቦ ያልወጣ የደቦ ጠላ አይጠጣም። እህሌን የበሉ እህሌን ይጨዱልኝ።»

«ፈቅጃለሁ!» አለ ንጉሡ።

በማግስቱ ሹማምንቱ ማጭድ ይዘው ማሳው ላይ ተሰለፉ። አለቃው ከገዛ አጫጁ የማጭድ አያያዝ ሲማር ሴቶቹ በእልልታ አቀለጡት። አመሻሹ ላይ ሹማምንቱ ወገባቸውን ይዘው፣ «ለማጨድ ለማጨድማ የራሳችን እርሻ አለን አይደል!» እያሉ በየመንደራቸው ገቡ። መለከተኛው ብቻ «ከኮረብታው ብወርድ አገሩን ማን ያያል?» ብሎ መጀመሪያውኑ ንቅንቅ አላለም።

ሰርጉ ሞልቶ ተረፈ። ጠላው ከጋን ወደ ጋን ሲገለበጥ፣ ጭፈራው ሲደራ፣ ድንገት ከኮረብታው መለከት አንባረቀ። ሰው ሁሉ ክው አለ።

«ምንድን ነው? ጦር ነው?» ብሎ ጮኸ አያ ምንይችል።

«ሙሽራው መጣ!» አለ መለከተኛው ከላይ፤ አጠገቡ ደግሞ መለከቱን የሚወለውልለት አዲስ ረዳት ቆሟል። ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። የአንጓች አያት አባ ተድላም ዋንጫቸውን ወደ ኮረብታው አንሥተው፣ ሳቃቸው እያቋረጣቸው እንዲህ አሉ፦ «ጦር መጣ ብሎ የገባ ሹም፣ ጦር ሄደ ቢሉት አይወጣም!»