ማግ ደዋሪዋ ዘርፌ

ልጆቼ፣ ቀረብ ብላችሁ ስሙኝ። ከአያቶቻችን አያቶች በፊት፣ ይህ ሜዳ ሁሉ ጥጥ ይለብስ በነበረበት ዘመን፣ ወይራ አምባ በምትባል የሸማኔዎች መንደር ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ የላትም። የምትኖረው ለሸማኔዎቹ ማግ በቀሰም ላይ እየደወረች በምታገኘው እህል ነበር። ቀሰም ማጉን በድሩ መሃል በሚያመላልሰው በመወርወሪያው ሆድ የምትገባ ቀጭን ሸንበቆ ናት። እሷ ካልደወረች መወርወሪያው ባዶውን ነው።

የወይራ አምባ ሸማኔዎች እጃቸው ወርቅ ነበር፤ ቀጠሯቸው ግን አይታመንም። ለጥምቀት ይደርሳል ያሉት ጋቢ ፋሲካም ያልፈዋል። ሙሽራ በተውሶ ነጠላ ትዳራለች። ሰው እየተማረረ ሌላ አገር ሸማኔ ዘንድ መሄድ ጀመረ፤ መንደሩም መራብ ጀመረ።

ዘርፌ ከቤት ቤት ስትዞር አንድ ነገር አየች። ሸማኔው ደንበኛ በመጣ ቁጥር ደስ ሊያሰኘው አዲስ ድር ይዘረጋል፤ የፊተኛውን ጠቅልሎ ጥግ ያስቀምጣል። በአለቃቸው በአያ ድንበሩ ቤት ብቻ አምስት ጅምር ጋቢ ተጠቅልሎ አየች።

«አያ ድንበሩ፣ የተጀመረው ሳያልቅ ለአዲሱ ማግ አልደውርልዎትም» አለቻቸው።

«አንቺ ነሽ እኔን የምታዢው?» ብለው አባረሯት።

ዘርፌ ሦስት ቀን ቆሎ ቆርጥማ ዋለች። ፈራች፤ እጇ ካልሠራ ማን ያበላታል? ግን አልተወችም። በአራተኛው ቀን አያ ድንበሩ አንዱን ጅምር ተሸክመው ራሳቸው መጡ። እሷ ደወረች፣ እሳቸው ሸመኑ፤ አንድ በአንድ ጨረሱት። ሌሎቹም አይተው ተከተሏቸው።

ቀጥሎ ፈትሉ አስቸገረ። ሴቶቹ የፈተሉትን እስከ ገበያ ቀን ያጠራቅሙታል። ሸማኔው አምስት ቀን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ በስድስተኛው ቀን ፈትሉ እንደ ጎርፍ ይመጣበታል። ዘርፌ እንቅብ ይዛ ጧት ጧት በየደጁ ትቆም ጀመር። «የዛሬዋን ብቻ ስጡኝ፤ ትንሽም ብትሆን» ትላለች። ለማኝ ሆነች አሏት። ውሻ ለቀቁባት። ግን አልተወችም። እያደር ሴቶቹ ራሳቸው ፈትላቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ይጠብቋት ጀመር። ከዚያ ወዲያ ማግ ያጣ ሸማኔ አልነበረም።

ሦስተኛው ችግር ከሁሉ ይከብዳል። በግንቦት መጨረሻ ከወንዝ ማዶ ያለ መንደር በእሳት ጋየ። ሰው ተረፈ፤ ልብስ አልተረፈም። ሽማግሌዎቻቸው መጥተው «ክረምቱ ሳይገባ አርባ ጋቢ ድረሱልን» ብለው ተንበረከኩ። አያ ድንበሩ «በሃያ ቀን አርባውንም ይዘን እንመጣለን» ሊሉ ሲነሱ፣ ዘርፌ ከኋላ ቆመች። በዚያ ዘመን ሴት በሸንጎ አትናገርም ነበር።

«በቀን ሁለት ይወጣልናል። ያለቀውን ዕለቱን እናሻግር፤ አርባ እስኪሞላ አናስቀምጠው። መጀመሪያ ለአራሶችና ለአቅመ ደካሞች ይሁን» አለች።

አያ ድንበሩም «እንዳለችው ይሁን» አሉ።

በየቀኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዘርፌ ሁለት ጋቢ በራሷ ተሸክማ ወንዙን ተሻገረች። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጧት፣ ዝናቡ ከወትሮው ቀድሞ ስለ ጣለ ወንዙ ሞላ። እስከ መስከረም የሚሻገር አልነበረም። ሠላሳ ጋቢ ግን ማዶ ገብቷል። አርባ እስኪሞላ ቢጠብቁ ኖሮ አንድም አይደርስም ነበር።

በዚያ ክረምት ማዶ ያሉት አንዱን ጋቢ ለሁለት ለሦስት ለበሱት፤ በብርድ የሞተ ሕፃን አልነበረም። አንድ ቀን ዘርፌ ወንዙ ዳር ቆማ ወደ ማዶ ስታይ፣ አንዲት አራስ ልጇን በነጭ ጋቢ ጠቅልላ ወጣች። የውሃው ድምፅ አላነጋገራቸውም። አራሷ ልጇን ከፍ አድርጋ አሳየቻት፤ ከዚያ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። ዘርፌ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ስትሞት አስከሬኗን የተሸከሙት የማዶ ሰዎች ናቸው። በወይራ አምባ ዛሬም ያለቀ ጋቢ ሸማኔው ቤት አያድርም፤ በዕለቱ ለባለቤቱ ይደርሳል። ባለቤቱም ከመልበሱ በፊት ጫፉን ስሞ «ዘርፌን ነፍሷን ይማር» ይላል። ማዶ ያሉት ግን በስሟ አይጠሯትም። «የደረሰችልን» ነው የሚሏት።