የሁለት ሰው ፊጥራ

የከተማዋን ስም ተዉት። ከቆላ የሚወጣው የግመል ነጋዴና ከደጋ የሚወርደው የገብስ ነጋዴ በሳምንት አንድ ቀን የሚገናኙባት፣ መስጂዷ በጭቃ የተመረገ አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች እንበል። ከመስጂዱ ዝቅ ብሎ ባለው ቁልቁለት ላይ አያ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ሥራቸው ገመድ መግመድ ነው። ሳምንቱን ቃጫ ሲፍቁና ሲያከሩ ይሰነብቱና በገበያ ቀን ለግመል ነጂዎች ይሸጣሉ፤ በዚያው ቀን ማሽላ፣ ጨውና የኩራዝ ላምባ ገዝተው ይገባሉ። እስከሚቀጥለው ገበያ ያለችው ያቺው ናት። ከእጅ ወደ አፍ የሚባለው ኑሮ የእሳቸው ነበር።

እንዲህም ሆኖ ጦማቸውን አድረው አያውቁም። ምስጢሩ ግን እሳቸው ጋ አልነበረም፤ ሚስታቸው ረህመት ጋ ነበር። ረህመት የቤቱን እህል የምትሰፍርባት አንዲት ጣሳ ነበረቻት። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን፣ አንድ ጣሳ። ሞልታ በመዳፏ ትልገዋለች። ከተላገው ላይ ደግሞ ቁንጥር ታነሳና ምድጃው ጥግ ወዳለችው ማሰሮ ትጨምራለች። ቁንጥሯ ለፊጥራ ናት። ረመዷን ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ነፍስ አራት ሙሉ እፍኝ እህል ለሚስኪን እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ሌላው ሰው ከጎተራው ዝቆ ይሰጣል፤ ረህመት ከአፋቸው ላይ እየቆነጠረች ነበር የምታጠራቅመው።

አያ እንድሪስ አንዳንዴ፣ «አንቺ ሴት፣ እኛስ ሚስኪን አይደለንም እንዴ?» ይሏታል።

«የዒዱን ቀን የሚበላው ያለው ሰው ሰጪ ነው» ትላለች። «አላህ የዒዱን ነፍጎን ያውቃል?»

ወደ ቃጫቸው ይመለሳሉ።

እሷ ግን የምትሰፍረው ለሁለት አልነበረም፤ ለሦስት ነበር። ሦስተኛው አንድ ልጃቸው ሙክታር ነው። ሙክታር ሥራ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ ሄደ። መጀመሪያ ለእናቱ አንድ ሻሽ ላከ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። የተሳፈረባት ጀልባ ሰጠመች የሚል ሰው ተገኘ፤ የለም ሌላ ጀልባ ናት የሚልም ተገኘ። ረህመት ሁለቱንም አልሰማችም። «ፊጥራ የሚወጣው ለሕያው ነው። ልጄ ሕያው ነው» ብላ፣ ዒድ በመጣ ቁጥር የእሱን አራት እፍኝ ለይታ ትሰፍራለች።

ረህመት በሻዕባን ወር ታመመች፤ ረመዷን ሳይገባም ወደ አኺራ ሄደች። አላህ ይዘንላት።

አያ እንድሪስ ከጣሳዋ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። መቼም ወንድ ልጅ በዚያ ዘመን ቤቱ ውስጥ ስንት እህል እንደሚገባ እንጂ እንዴት እንደሚወጣ አያውቅም ነበር፤ ዛሬም የሚያውቀው ጥቂት ነው። ጣሳዋን ከምረው ሰፈሩ። ደግሞ እጃቸው ለምዶ አንዷን ከሰፈሩ በኋላ ሁለተኛዋን ይሞላሉ፤ ሁለተኛዋን እንደያዙ ትዝ ይላቸውና ወደ ስልቻው መልሰው ይገለብጧታል። ስልቻው ገበያው ሳይደርስ ተራገፈ። በውሃ አድረው ሲነጋ፣ ጭር ባለው ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው፣ «ወላሂ፣ ይህች ሴት ስንት ዓመት ተሸክማኝ ኖራለች» አሉ። ከዚያ ወዲያ ጣሳዋን እንደ እሷ መላግ ጀመሩ። ቁንጥሯንም ማንሳት ጀመሩ።

ረመዷን በገባ ሰሞን ኢማሙና ኸድር የሚባል ነጋዴ ሊጠይቋቸው መጡ። ኸድር በየዓመቱ በአህያው እየዞረ የሰፈሩን ፊጥራ የሚሰበስብ፣ ቅን ሰው ነው። የመጡበትን ነገር ለመጀመር ግን ብዙ አቅማማ።

«አያ እንድሪስ፣» አለ በመጨረሻ፣ «ረህመት እያለች ይህን ማንሳት ከብዶን ነው የኖርነው። ከዒድ በኋላ ለሙክታር ሬሳው በሌለበት የሚሰገደውን የሙት ሰላት፣ ሰላተል ጋኢብን፣ እንስገድለትና ለቅሶውን ተቀምጠን እናስተዛዝንዎ። ሰዉ ሁሉ እያሰበው ነው። ለእርስዎም ቁርጡን ማወቅ ይሻላል።»

አያ እንድሪስ ወደ ኢማሙ አዩ።

ኢማሙ፣ «ሞቱን ያየ ሰው የለም» አሉ። «እርስዎ አባቱ ይሁን ካላሉ እኔ አላሰግድም።»

«እስከ ዒድ ተዉኝ» አሉ አያ እንድሪስ። ሰዎቹ ዱዓ አድርገው ወጡ።

ልብ በሉ፣ ደግ ሰውም ይሳሳታል። አያ እንድሪስ በዚያች ቀን በልባቸው አንድ ነገር ተዋዋሉ፤ ለማንም አልተነፈሱትም። ዘንድሮ የእኔንም የሙክታርንም ፊጥራ ከሞላሁ ልጄ አለ ማለት ነው፤ ካልሞላልኝ የለም፣ ይሰገድበት፣ አሉ። ይህን ማን አዘዛቸው? ማንም። ብቸኝነት ነው ያዘዛቸው። የሚያማክሩት ሰው ስላልነበረ ከማሽላው ጋር ተማከሩ።

ከዚያ በኋላ አያያዛቸው ጠበቀ። ላምባ እንዳያልቅ ከመግሪብ በኋላ ኩራዙን አይለኩሱም፤ ከማታው የተራዊሕ ሰላት ሲመለሱ በጨለማ ዳብሰው ይተኛሉ። ሽንኩርት መግዛት ተዉ። ሊነጋጋ ሲል ለሱሁር ቂጣቸውን በጨው ውሃ እያጠቀሱ ይበላሉ። አፍጥረው ሲጨርሱ ለራሳቸው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነበር» ይላሉ፤ ረህመት እንዲህ ሲሏት ደስ ይላት ነበርና። አሁን የሚመልስላቸው የለም። ጎረቤት ሾርባ ሲልክላቸው ለዚያ ቀን ከሰፈሩት ማሽላ ላይ ተጨማሪ ቁንጥር ያነሳሉ። ረመዷን ሲጋመስ የራሳቸው አራት እፍኝ ሞላ፤ በጨርቅ ቋጥረው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። የቀረው የሙክታር ነው። ማሰሮዋን በቀን ስንቴ እየከፈቱ ያዩአት እንደነበር አላህ ይወቀው። የረመዷን የመጨረሻው አስር ቀን ሲገባ ልትሞላ ምንም አልቀራትም።

አንድ ቀን መግሪብ ተሰግዶ፣ ሰዉ በተምርና በውሃ አፍጥሮ ወደየቤቱ ሲጣደፍ፣ መስጂዱ ምሰሶ ሥር አንድ ወጣት ሳይነሳ ቀረ። እግሮቹ በጨርቅ ተጠምጥመዋል። አያ እንድሪስ ጫማቸውን ካደረጉ በኋላ ተመለሱ።

«የማን ነህ ልጄ?»

«መንገደኛ ነኝ አባባ። ሷሊህ እባላለሁ። ነገ እሄዳለሁ።»

«ነገ የሚሄድ ሰው ዛሬ አይበላም እንዴ? ተነስ።»

ቤት ገብተው ጣሳዋን አነሱ። አንዷን ሰፈሩ። እጃቸው እንደ ልማዱ ሁለተኛዋን ሞላ። ረህመት ከሞተች ወዲህ ሁለተኛዋን ጣሳ ሳይመልሱ ሲቀሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ደስ አላቸው። ደስ ማለቱ ራሱ አስደነገጣቸው።

የሷሊህ እግር ግን በማግስቱ አላስነሳውም፤ አብጦ መሬት የሚረግጥ አልነበረም። በማግስቱም እንዲሁ። አያ እንድሪስ በጨው ውሃ ያጥቡለታል፣ እሱ ቁጭ ብሎ ቃጫ ያከርላቸዋል። ለአንድ ሰው የተገዛ ስልቻ ለሁለት ሲሆን ምን እንደሚሆን የቤት ሰው ያውቃል። ገበያውም ቢሆን ረመዷን ስለሆነ ግመል ነጂው አልወጣም፤ ገመዱ ሳይሸጥ ተመለሰ። ስልቻው ተራገፈ። አያ እንድሪስ ለዒድ ቀን አንዲት ጣሳ ለዩ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ቋጠሮም አልነኩም፤ እሱ የአላህ ሐቅ ነው። ቀስ ብለው የሙክታርን ማሰሮ ከፈቱ። ለሱሁር ትንሽ ወሰዱ፤ ለኢፍጣር ደግሞ ትንሽ።

ሷሊህ አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ቃጫውን እያከረረ ነገሩን ሁሉ ነገራቸው። እሱም ባሕር ተሻግሮ ነበር። ሥራ አጣ፣ ታሰረ፣ ተባረረ፤ ከወደቡ ጀምሮ በእግሩ ነው የመጣው። እናቱ ከዚህ የሦስት ቀን መንገድ ላይ ናት፤ ትኑር አትኑር አያውቅም።

«ወሬ አልላክህላትም?» አሉ አያ እንድሪስ። ድምፃቸው ተለወጠ።

«ባዶ እጄን ምን ብዬ ልላክ አባባ? ዘንድሮ ያልፍልኛል፣ ያኔ እልካለሁ ስል ዓመቱ ሄደ። አሁንማ ሞቷል ብለው ለቅሶዬን ተቀምጠው ይሆናል።»

አያ እንድሪስ ተቆጡ። በሕይወታቸው እንዲህ የተቆጡበት ቀን ትንሽ ነው።

«አንተ ልጅ፣ እናትህ ገንዘብህን ትጠብቃለች ያለህ ማነው? አለሁ ማለት ስንት ይፈጃል? እስቲ ንገረኝ፣ ስንት ይፈጃል?»

ሷሊህ አንገቱን ደፋ። አያ እንድሪስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የተቆጡት በማን እንደሆነ እሳቸውም አላወቁትም። ሙክታርም እንዲህ አፍሮ ይሆን? አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ፣ ዘንድሮ፣ ለከርሞ እያለ ይሆን? ይህ ተስፋ ነበር፤ ግን የሚያቃጥል ተስፋ ነው። ረህመት ይህን ሳትሰማ ሄደች።

ዒዱ ሲቃረብ እግሩ ሻረ። ሷሊህ፣ «ልቆይና ሠርቼ ስንቄን ልያዝ» አለ።

«አትቆይም» አሉ አያ እንድሪስ። «እናትህ ጋ ድረስ።»

ስንቅ ሊያወጡለት ማሰሮዋን ከፈቱ። ከግማሽ ብዙም አልጎደለም ነበር። መጀመሪያ ገሚሱን ብቻ አወጡ፤ ቀሪው ለሙክታር ይሁን አሉ። ከዚያ ቆመው አሰቡ። እፍኙ የጎደለ ፊጥራ ፊጥራ አይሆንም፤ ግማሽ ስንቅም ሦስት ቀን አያስኬድም። ውላቸው ትዝ አላቸው፤ በገዛ እጃቸው ልጃቸውን የሚቀብሩ መሰላቸው። «ቢስሚላህ» አሉና ማሰሮዋን ዘቅዝቀው አራገፏት።

ሷሊህ ፈጨው፣ ቂጣውን አብረው ጋገሩት። ሲለያዩ አያ እንድሪስ አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉት፤ «ደግመህ ብትሄድ እንኳ ወሬ ላክ።» ልጁ እጃቸውን ስሞ ሄደ። ቤቱ እንደ ገና ጭር አለ።

ጨረቃ ታይታ፣ ከመስጂዱ ተክቢራው ሲሰማ፣ ኸድር አህያውን እየነዳ መጣ። አያ እንድሪስን ሲያይ አዘነ፤ በረመዷኑ ከስተዋል።

«አያ እንድሪስ፣ ዘንድሮስ እርስዎ ይቀበሉን። ሰዉ ማንም አይቃወምም።»

«ለነገ አንድ ጣሳ አለችኝ» አሉ። «ለነገ ያለው ሰው ሰጪ ነው። ረህመት እንዲህ ነው ያስተማረችኝ።»

ቋጠሮውን አውርደው ወደ ኸድር ስልቻ ገለበጡት። ኸድር የስልቻውን አፍ እንደያዘ ቆየ። በየዓመቱ ከዚህ ቤት ስንት እንደሚወጣ ያውቃልና ሌላው እንዲመጣ እየጠበቀ ነበር። ሌላ አልመጣም። ነገሩ የገባው መሰለው።

«እንግዲህ ለሙክታር...» አለ ቀስ ብሎ፣ «ኢማሙን ልንገራቸው? ከዒድ በኋላ እንስገድ?»

አያ እንድሪስ ባዶዋን ማሰሮ አዩ። ለራሳቸው የገቡት ውል እንደሆነ ፈርሷል፤ ማሽላው አልሞላም። ግን ማሽላው የት እንደገባ ያውቃሉ።

«አትስገዱበት» አሉ። «የልጄ ድርሻ አልጎደለም፤ የሌላ እናት ልጅ በልቶት አገሩ እየገባ ነው። ለእኔም ልጅ ባለበት የሚሰፍርለት አይጥፋ።»

ኸድር፣ «አሚን» አለ። አህያውን ነድቶ ሄደ። አያ እንድሪስ በሩን ዘጉ፤ በማግስቱ ከዒድ ሰላት መጥተው ብቻቸውን አንዲት ጣሳቸውን ሰፈሩ፣ ላጉ፣ ቁንጥሯንም አንስተው ባዶዋ ማሰሮ ውስጥ ጣሉ።

ሙክታር መጣ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ወሬውን ያደረሱኝ ሰዎች እዚያ ላይ ነው ያቆሙት፤ እኔም አልጨምርበትም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። እኛ ኑሮ ሲጠብብን ቀድመን የምንቀንሰው ሰው ነው። ይህ ቢቀር፣ ያኛው ባይመጣ እንላለን። ያ ሽማግሌ ሽንኩርቱን ቀነሱ፣ ላምባውን ቀነሱ፤ ሰው ግን አልቀነሱም። የጠበበ ቤት ቆጥቦ የሚያዝ ቤት ነው፤ ቁጠባው ሰው እስኪያስጥል ከደረሰ ግን በረካው ያን ቀን ወጥቷል። ደግሞም ምልክት ብለው የያዙት ነገር ባዶ ሲቀር አላህን አልወቀሱም፤ ማሽላቸው የገባበትን አይተው ልጃቸውን ለእሱ አደራ ሰጡ።

እናንተ ደግሞ ከቤት የራቃችሁ፣ እጃችሁ ባዶ ስለሆነ ዝም ያላችሁ፣ ይህን የምትሰሙ ከሆነ፣ አንድ ቤት ውስጥ ለእናንተ የሚሰፈር እህል አለ። ገንዘቡ ይቆይ። አለሁ በሉ።