ሙዳይ የጠበባት ዲያቶም

ተረት ተረት፣ የባሕር ዳር ቤት።

ዲያቶም የምትባል፣ የሰው ዓይን የማያያት የባሕር ፍጥረት በመስታወት ሙዳይ ውስጥ ትኖር ነበር። በዘሯ ወግ እናት ለሁለት ተከፍላ ሁለት ልጆች ስትሆን፣ አንዷ የሙዳዩን ክዳን፣ ሌላዋ ጠበብ ያለውን ታችኛውን ትወርሳለች፤ የጎደላትንም ግማሽ በወረሰችው ውስጥ አጥብባ ትሠራለች። ለእሷ የደረሳት ከእናት ወደ ልጅ እየጠበበ የመጣው ነበርና ከዘመዶቿ ሁሉ አነሰች። ኩራቷ ግን አልጎደለም።

ውሃው ዳር ካለች ሾላ ላይ አንዲት ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ልጇን በክንፏ አቅፋ ተንጠልጥላለች። ቁልቁል አየቻትና አዘነችላት።

«የኔስ ልጅ በየቀኑ እየከበደኝ ነው፤ የእናንተ ዘር ግን እያነሰ ሄደ። ከዚህ በላይ ከጠበበሽ የት ልትገቢ ነው፣ እህቴ?» አለቻት።

«የጠበበው ቤቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ እትዬ» አለች ዲያቶሟ።

ማዕበሉ ጋብ ሲል የአያቶቿን ሙዳይ ከፍታ ወጣች። ራቁቷን ስትቀር ፈራች፤ ጨዉም ለበለባት። ቢሆንም ወደ ኋላ አልተመለሰችም። ሰውነቷ እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄዶ ቅድመ አያቷን ስታክል፣ በልኳ አዲስ የመስታወት ሙዳይ ሠርታ ገባችበት።

አንድ ማለዳ የሌሊት ወፏ ከፍሬ ለቀማ ስትመለስ ትንሿን ፈለገቻት። ያገኘችው ግን ግርማ ያላትን አንዲት ትልቅ ዲያቶም ነው።

«እመቤቴ፣ እዚህ የነበረችውን ሚስኪን አላዩልኝም?» ስትል በትሕትና ጠየቀቻት።

ዲያቶሟ ደልደል ብላ፣ «ቤት ቀይራለች» አለቻት።

ተረቴን ለባሕሩ መልሱ፣ አፌን በሾላ አብሱ።