ጀልባ ሠሪ ነኝ ያለው ሙሽራ

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

አይ፣ ዛሬስ ላም የለችም። ዛሬ የምወስዳችሁ ወደ ባሕሩ ነው። እስቲ «የጀልባ በረት» በሉኝ። ተረት ተረት!

«የጀልባ በረት!»

እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ። አንተ እዚያ ጥግ ያለኸው፣ እግርህን ሰብስብና ለእህትህ ቦታ ልቀቅላት።

በድሮ ዘመን ይግዛው የሚባል ጎረምሳ ነበረ። መልኩ ያማረ፣ ዘፈን የሚችል፣ ምላሱ የማይደክም። ሥራስ? ሥራውን ተዉት። ከአንድ ትልቅ ባሕር አጠገብ ይኖር ነበርና አንድ ቀን ማንጠግቦሽ የምትባል ልጅ አየ። በባሕሩ መካከል ካለች ደሴት በጀልባ ለገበያ መጥታ ነበር። አያትና ልቡ አብሯት ሄደ። አባቷ አያ ዋሴ ይባላሉ። ያለ አንድ ብረት፣ ሳንቃን ከሳንቃ በእንጨት ችንካር እያጋጠሙ ጀልባ የሚሠሩ ሰው ነበሩ።

ይግዛው አጎቱን ሽማግሌ አድርጎ ላከ። ይህ አጎት ደግሞ፣ ወይ አበሳ! ምላሱ ልጓም የለውም። ደሴቱ ሄደና፦ «ልጃችን እኮ ጀልባ ሠሪ ነው! እጀ ወርቅ! የሱን ጀልባ ማዕበሉ ፈርቶ ነው የሚያሳልፈው!» አለ። አያ ዋሴም ደስ አላቸውና ልጃቸውን ፈቀዱ። በሠርጉ ዕለት ሰው ሁሉ እየሰማ፦ «ልጄ፣ እውነት ጀልባ ትሠራለህ?» ብለው ጠየቁት። ይግዛው ሙሽሪትን አየና፦ «እንዴታ!» አለ።

እንዴታ አለላችሁ!

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። ጫጉላው ሳያልቅ ማንጠግቦሽ፦ «እስቲ በዚህ እጅህ የምቀመጥበት በርጩማ ሥራልኝ» አለችው። ቆረጠ፣ ጠረበ፣ ላብ በላብ ሆነ። ሠራና ሰጣት። ተቀመጠች። በርጩማው እግሩን ወዲያና ወዲህ ዘረጋና ሙሽሪት መሬት ላይ ዘጭ አለች። እስከ ዛሬም አልተገጠመ። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያም አለቀሰች።

፦ «በርጩማውን ይቅር ብዬዋለሁ። አንተ ግን ዓይኔን እያየህ ዋሸኸኝ። ከእንግዲህ ስትናገር የቱ እውነት የቱ ውሸት እንደሆነ በምን ልወቅ?» አለችውና ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ አባቷ ደሴት ተመለሰች።

ይግዛው እህል አልበላም፣ ውሃ አልጠጣም አለ። ይወዳታላ! ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ፈረዱ፦ «ጀልባ ሠሪ ነኝ ብሎ አግብቷል። እንግዲያው የክረምቱ ዝናብ ሳይጥል በገዛ እጁ ጀልባ ሠርቶ ያሳፍራት። ከተሳፈረችለት ሚስቱ ናት። ዝናቡ ከቀደመው ግን ፍቺ ነው።» ማንጠግቦሽም፦ «ይሁን» አለች።

ታዲያ ማን ዘንድ ሄዶ ይማር? በዚያ አገር የጀልባ ሥራ የሚያስተምሩ አማቱ ብቻ ናቸው። ሀፍረቱን ዋጠና ወደ ደሴቱ ሄደ። አያ ዋሴ የዋንዛ ሳንቃ እየላጉ አገኛቸው።

፦ «አባቴ፣ ያስተምሩኝ» አላቸው።

፦ «እስካሁን ምን ታውቃለህ?»

፦ «ጥቂት ጥቂት አውቃለሁ።»

፦ «እንግዲያው ጥቂቷን እዚያ ሾላ ሥር አስቀምጣትና ባዶ እጅህን ና» አሉት።

መቼ አስቀመጣት! ሳንቃ ሲልግ ተንሻፈፈበት፤ «እንጨቱ ጠማማ ነው» አለ። ችንካር ሲመታ ሳንቃው ተሰነጠቀ፤ «መዶሻው ከባድ ነው» አለ። የገዛ ጣቱን መታ። ያንንስ በማን ያሳብብ? «ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችኝ» አይል መሰላችሁ!

አያ ዋሴም፦ «ችንካሩን ከወይራ ጥረበው። ወይራው ግን ይድረቅ። ደረቅ እንጨት ውሃ ሲያገኝ ያብጣልና ቀዳዳውን አንቆ ይይዛል» አሉት። ይግዛው ግን እርጥቡ ለመጥረብ ይቀላልና ተደብቆ ከእርጥቡ ጠረበ። ሲመታው ጥብቅ አለለት። ደስ አለውና ዘፈነ። ከዚያም ፀሐይ ወጣች፣ ነፋስ ነፈሰ፣ ችንካሩም ደረቀና ቀጠነ። እንደ ሕፃን ልጅ ጥርስ ይነቃነቅ ጀመር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ታዲያ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ተናገረ? የለም። ዙሪያውን በጭቃ መረገና ዝም አለ።

ማንጠግቦሽ በአገልግል ለአባቷ ምሳ ታመጣ ነበር። ይግዛውን አታናግረውም። ያን ዕለት ግን በጀልባው ጎን ስታልፍ ጭቃውን አየች። በጥፍሯ ፈነቀለችውና ችንካሩን ሳብ ብታደርገው እጇ ላይ ቀረ። ወስዳ በይግዛው መዳፍ ላይ አስቀመጠችለት።  ዓይኗም እንባ ሞልቶ ነበር።

ይግዛው ችንካሩን አየ። ጀልባውን አየ። «እንጨቱ ነው» ሊል ፈለገና አፉ እምቢ አለው። ያን ጊዜ ወደ አማቱ ዞረ።

፦ «አባቴ፣ እርጥብ ወይራ ነው የጠረብሁት። ስለቀለለኝ ነው። በጭቃ የመረግሁትም እኔ ነኝ። እኔ ምንም አላውቅም» አላቸው።

አያ ዋሴ መሣሪያቸውን አስቀመጡና ብድግ አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡት።

፦ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ልጄ። ተማሪዬን ስጠብቅ ነው የከረምሁት» አሉት።

ከዚያማ ያንን ጀልባ አፈረሱትና እንደ አዲስ ተጀመረ። ሳንቃውን ይልጋል፣ ያጋጥማል፣ በመካከሉ ብርሃን ሾልኮ ከታየው መልሶ ይልጋል። ወይራውን ያደርቃል። ቀዳዳውን ቀስ አድርጎ ይሰረስራል። እጁ ቆሰለ፣ ኋላም ጠነከረ። ፀሐይንም መውቀስ ተወ። አማቱ፦ «ይህ መጋጠሚያ ይይዛል?» ሲሉት፦ «አላውቅም፣ እስቲ አብረን እንየው» ይላቸዋል። ይህን ማንጠግቦሽ ከኋላ ሆና ትሰማለች። ቀስ በቀስ አገልግሉ ከበድ እያለ ይመጣ ጀመር። አንቺ ምን ያስቅሻል? እርቅ የሚጀምረው እኮ በወጥ ነው!

ጀልባው አለቀ። ሰማዩ ግን ጠቁሯል። ነጎድጓዱ ከማዶ ያጉረመርማል። ሽማግሌዎቹ ወደ ባሕሩ ዳር ወረዱ። ያ አጎትም ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ፣ እያስጨፈረ ደረሰ።

፦ «በል የኔ አንበሳ! ሙሽራህን ጫንና ውጣ! ዝናቡ ሊጥል ነው!» አለ።

ይግዛው የጀልባውን ጎን ዳሰሰ። አዲስ ጀልባ፣ ልጆቼ፣ መጀመሪያ ያፈሳል። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ እስኪያብጥ ድረስ ድንጋይ ተጭኖበት፣ ዳር ላይ ሰምጦ መሰንበት አለበት። ጊዜውን ደግሞ ቀድሞ በእርጥብ ወይራ አባክኖታል። ዛሬ ካሰመጠው ዝናቡ ይቀድመዋል፣ ሚስቱንም ያጣል። ዛሬ ከጫናት ደግሞ ባሕሩ መካከል ውሃ ይሞላባቸዋል። አያ ዋሴ ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም።

ይግዛው ማንጠግቦሽን አያት። ከዚያም ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

፦ «ጀልባዬ ያፈሳል። እንጨቱ ገና ውሃ አልጠጣም። ዛሬ ብጭናት ትሰምጥብኛለች። ከምትሞትብኝ ብትፈታኝ ይሻለኛል» አለና እንባው ወረደ።

ጀልባውን ወደ ውሃው ገፋው። ድንጋይ እያነሣ ይጭንበት ጀመር። ውሃው ገባ፣ ጀልባውም ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄደና ከታች ተቀመጠ። ጠርዙ ብቻ ብቅ ብሎ ቀረ።

አጎትየው ራሱን ያዘ። ፦ «ኧረ ጉድ ፈላ! ጀልባ ሠሪ ብዬ ብድረው የገዛ ጀልባውን ያሰምጣል!» ዘመድ አዝማዱ በሳቅ ፈረሰ። ይግዛው ግን ቀና ብሎም አላያቸው፤ ድንጋዩን ይደረድራል።

ይህኔ ማንጠግቦሽ ቀሚሷን ሰበሰበችና ባሕሩ ውስጥ ገባች። ውሃው ጉልበቷ ደረሰ፣ ወገቧ ደረሰ። ያን የሰመጠ ጀልባ ጠርዝ ተሻገረችና መካከሉ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። ውሃው እስከ ደረቷ!

፦ «ሽማግሌዎች! ተሳፍሬያለሁ!» ብላ ጮኸች።

አጎትየው፦ «ወዴት ልትሄጂ?» አላት።

፦ «የትም አልሄድም። ጀልባው ውሃውን እስኪጠጣ ከባሌ ጋር እጠብቃለሁ። ሰው ሁሉ እየሳቀበት እውነቱን ነግሮኛልና በቃኝ። የፈረዳችሁት ተሳፈረች አልተሳፈረች ብላችሁ ነው። ይኸው ተቀምጫለሁ። ዝናቡስ ጥሏል?»

ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ሰማዩን አዩ። መዳፋቸውን ዘረጉ። ጠብታ የለም። ወደ ሴቲቱ ዞረው አይዋትና ሳቅ አፈናቸው።

፦ «አልጣለም። ተሳፍራለች፤ አይተናል!» አሉ።

ቃላቸው ሳያልቅ ሰማዩ ተቀደደና ዝናቡ ወረደ። አጎትየው ዘመዶቹን ይዞ ወደ ዛፍ ሥር ሮጠ። ማንጠግቦሽ ግን አልተነሣችም። ይግዛውም ገባና ከጎኗ ተቀመጠ።

፦ «በረደሽ?» አላት።

፦ «አጥንቴ ድረስ! ግን እንዳትዋሸኝ፣ አንተንስ?»

፦ «ጥርሴ ሊረግፍ ነው» አላት።

በዚያ ዝናብ፣ በዚያ የሰመጠ ጀልባ ውስጥ፣ ተቃቅፈው ሳቁ። እንጨቱ ውሃ እየጠጣ ከሰነበተም በኋላ ድንጋዩ ወጣ፣ ውሃው ተጨልፎ ፈሰሰ፣ ጀልባውም ተነሥቶ ተንሳፈፈ። ይግዛው ቀዘፈ፣ ማንጠግቦሽ ዘፈነች፣ ቀሚሷም ሳይርስ ቤታቸው ገቡ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን አትርሱ፤
ዳቦ ባይኖር እንኳ፣ ቆሎ አቃምሱ!