ክረምቱን ያልጎረሰው ባትሪ

ተረቴን ለሰው እነግራለሁ፤ ሰው ካልሰማኝ ለጀልባ።

ጣና ዳር አንድ የጀልባ ማኅበር ነበር። ክረምት ሲገባ ማኅበርተኞቹ ጀልባቸውን ወደ ደረቅ መሬት ጎተቱ፤ ሞተሯን ዘይት ቀቡ፤ ሸራ አለበሷት፤ በግ አርደው በሉ። ባትሪውን ነቅሎ ቻርጅ ያደረገ ግን የለም። መስከረም ሲጠባ እትዬ ውዳላት እየሮጡ መጡ። ደሴቱ ላይ ያለች ልጃቸውን ምጥ ጀምሯታል።

«ሞተር ሆይ፣ ተነሣና አሻግረኝ!»

«ባትሪው ካላስነሣኝ አልነሣም።»

ወደ ባትሪው ዞሩ። «አንተ አላስነሣህ፣ ሞተሩ አልተነሣ፣ እኔም አልተሻገርኩ። ምን ሆነህ ነው?»

«ክረምቱን ሙሉ ያጎረሰኝ የለም፣ እትዬ። ቻርጀሩን ይጠይቁት።»

ቻርጀሩ ግምጃ ቤት ነው። በበሩ ቀዳዳ ጮኹበት። «አንተ አላጎረስክ፣ ባትሪው አላስነሣ፣ ሞተሩ አልተነሣ፣ እኔም አልተሻገርኩ!»

«እንዳልሰረቅ ቆለፉብኝ። ይኸው አልተሰረቅሁም፤ አልሠራሁምም።»

ድንበሩ ወደሚባለው የግምጃ ቤት ጠባቂ ሄዱ። «አንተ አልከፈትክ፣ ቻርጀሩ አላጎረሰ፣ ባትሪው አላስነሣ፣ ሞተሩ አልተነሣ፣ እኔም አልተሻገርኩ!»

«ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ እትዬ። ትእዛዙ ግን ሊቀ መንበሩ አፍ ውስጥ ነው።»

ሊቀ መንበሩ አቶ ገሠሠ ትልቅ ሆዳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። «እርስዎ አላዘዙ፣ ድንበሩ አልከፈተ፣ ቻርጀሩ አላጎረሰ፣ ባትሪው አላስነሣ፣ ሞተሩ አልተነሣ፣ እኔም አልተሻገርኩ!»

«ያለ ስብሰባ አላዝም። ስብሰባው ደግሞ ከመስቀል በኋላ ነው።»

«ልጄ መስቀልን ትጠብቅ?»

«ብትጠብቅ ጥሩ ነበር።»

እትዬ ውዳላት ወደ ሊቀ መንበሩ የነፍስ አባት ወደ መምሬ አስረስ ገሠገሡ። «እርስዎ አልገሠጹ፣ ገሠሠ አላዘዘ፣ ድንበሩ አልከፈተ፣ ቻርጀሩ አላጎረሰ፣ ባትሪው አላስነሣ፣ ሞተሩ አልተነሣ፣ እኔም አልተሻገርኩ!»

«ገሠሠ ነው? ለዚያ ሆድ መድኃኒት አለኝ» አሉና መቋሚያቸውን አነሡ። ደርሰውም «ልጄ፣ እስክታዝ ድረስ ቀኖናህ ስግደት ነው» አሉት።

ገሠሠ ወደ ሆዱ አየ። ስብሰባው እዚያው ተካሂዶ እዚያው አለቀ። አዘዘ፤ ድንበሩ ከፈተ፤ ቻርጀሩ ሲያጎርስ ዋለ፤ ባትሪው አስነሣ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ እትዬ ውዳላት ተሻገሩ። ጀልባዋ ስትነሣ ሊቀ መንበሩ ዳር ላይ ቆሞ «ማኅበራችን ጀልባዋን ክረምቱን በሚገባ ተንከባክቦ...» ሲል ሞተሩ ንግግሩን ዋጠበት።

ልጃቸውን ላብ በላብ ሆና አገኟት።

«እናቴ፣ ምነው ቆየሽ?»

«እሱን ከነገርኩሽ ልጁ ሳይወለድ ያረጃል። ይልቅ ግፊ!»

ገፋች፤ ሕፃኑም አለቀሰ።